የእንሰት ቃጫ፣ ኮስቲክ ሶዳና ሲሚንቶ፦ የ18 ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

የሚሠራው ነገር፦ 60 በ40 ሴ.ሜ.፣ ውፍረቱ 10 ሚ.ሜ. የሆነ የሲሚንቶ ጠፍጣፋ ለጣሪያና ለግድግዳ። ፌሮም ሆነ የሽቦ መረብ የለውም። ስንጥቁን የሚይዘው በ20 ሚ.ሜ. የተቆረጠ የእንሰት ቃጫ ብቻ ነው። ማስታወሻው ቃጫው በኮስቲክ ሶዳ (ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ከዚህ በኋላ ሶዳ) ታክሞ ሲሚንቶ ውስጥ ምን ያህል እንደሚሠራ የተሞከረበት ነው። ዋጋ በብር አልተመዘገበም። በወር ውስጥ ስለሚለዋወጥ ብዛቱን መጻፍ ይሻላል፣ ማንም በሰፈሩ ዋጋ ያባዛው።

ሳምንት 1፦ ጥሬ ቃጫ

ከወልቂጤ ገበያ 8 ኪሎ ተገዛ። ነጭና ቀጭኑ ከቡናማና ሻካራው ጋር ተቀላቅሎ ነው የመጣው። ሻካራው ለገመድ የሚሄደው ሲሆን ዋጋውም ቀነስ ይላል። ቀረብ ብሎ ላየው በየዘለላው ላይ ግንዱ ሲፋቅ ያልለቀቀ ሥጋ ደርቆ እንደ ቅርፊት ተለጥፏል። ከፋርማሲ የተገዛ አዮዲን አንድ ጠብታ ሲንጠባጠብበት ቅርፊቱ ወዲያው ወደ ጥቁር ሰማያዊ ዞረ፦ ስታርች ነው። ነጩ ላይ እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ብቻ ታየ።

ስታርችና ስኳር ሲሚንቶ እንዳይዝ ያደርጋሉ። ምን ያህል እንደሚያዘገዩ ለማየት 50 ግራም ቃጫ በ1 ሊትር ውሃ 24 ሰዓት ተዘፈዘፈ። ከዚያ በዚያው ውሃ ኦፒሲ 42.5 (ተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ተቦክቶ፣ መያዝ የሚጀምርበት ጊዜ በቪካት መርፌ (ወደ ሊጡ እየተለቀቀ መጠንከሩን በሚያሳይ መርፌ) ተለካ።

በንጹሕ ውሃ፦ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ።
በነጩ ቃጫ ውሃ፦ 3 ሰዓት ከ50።
በቡናማው ቃጫ ውሃ፦ ሰባት ሰዓት ተጠብቆ አልያዘም፣ ተትቶ ታደረ። ጠዋት ይዞ ተገኘ።

ቡናማው ርካሽ ስለሆነ አልተጣለም። ሁለቱ ተለይተው ተቀመጡ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ቁጥር ሁሉ የነጩ ነው።

ሳምንት 2፦ ሙቅ ውሃ ብቻ

ሶዳ ከመነካቱ በፊት ርካሹ መንገድ ተሞከረ፦ 60 ዲግሪ ውሃ፣ 30 ደቂቃ፣ ሁለት ጊዜ፣ በመሃል ውሃው ተቀይሮ። የመጀመሪያው ውሃ ቀጭን ሻይ መሰለ፣ ሁለተኛው ጠራ ያለ ነው። ነጩ ቃጫ ከዚህ በኋላ በቪካት ሲለካ ከንጹሕ ውሃ የዘገየው 20 ደቂቃ ብቻ ነው። ቡናማው ግን አሁንም ከ5 ሰዓት በላይ ወሰደ፣ አዮዲኑም ይጠቁራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ዓላማው ሲሚንቶው በጊዜው እንዲይዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለነጩ ቃጫ ሙቅ ውሃው በበቃ ነበር። ሶዳው የሚፈለገው ለሌላ ነው። የቃጫውን ገጽ የሸፈነውን ሰም፣ ክሮቹን የሚያጣብቁትን ፔክቲንና የሄሚሴሉሎሱን ከፊል አንሥቶ ገጹን ሻካራ ያደርገዋል፣ ዘለላውንም ወደ ቀጫጭን ክር ይከፍለዋል። ሲሚንቶው የሚጨብጠው ያን ጊዜ ነው።

ሳምንት 3፦ የመጀመሪያው ሶዳ

ሦስት መጠን፦ በሊትር 20፣ 50 እና 100 ግራም (2፣ 5፣ 10 በመቶ)። ለ1 ኪሎ ቃጫ 20 ሊትር። ከዚህ ካነሰ መሃል ያለው ቃጫ በደንብ አይርስም። ጊዜው 2 ሰዓት፣ በክፍሉ ሙቀት፣ በየ20 ደቂቃው በእንጨት እየተገላበጠ።

አሠራሩ፦ ፕላስቲክ በርሜል፣ እስከ ክርን የሚደርስ የጎማ ጓንት፣ ዓይንን ዙሪያውን የሚሸፍን መነጽር። ሁልጊዜ ሶዳው ወደ ውሃው እንጂ ውሃ ወደ ሶዳው አይጨመርም። ሶዳ ሲሟሟ ይሞቃል፦ 5 በመቶው ውሃውን በ13 ዲግሪ ገደማ፣ 10 በመቶው በ26 ገደማ ከፍ ያደርጋል። 19 ዲግሪ የነበረው የቧንቧ ውሃ 10 በመቶው ላይ 44 ደረሰ። ሦስቱን መጠን በሙቀት ልዩነት ሳይሆን በሶዳ ልዩነት ለማነጻጸር ሁሉም እስኪቀዘቅዝ ተጠበቀ። ይህን የዘለለ ሰው 10 በመቶው ቃጫ ያበላሻል ብሎ ሲደመድም የሚከሰው ግማሹን ሙቀቱን ነው።

ለማማሰል የአሉሚኒየም ጭልፋ የገባበት በርሜል ወዲያው አረፋ አወጣ። ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል፣ የሚወጣውም ሃይድሮጅን ነው፣ እሳት ያለበት ቦታ ደግሞ አደገኛ ነው። ጭልፋው ተጣለ፣ በርሜሉም ተደፋ።

ትልቁ ስህተት ግን ሌላ ነበር። 5 በመቶ የተባለው ውሃ 5 በመቶ አልነበረም። ሶዳው ከተከፈተ የቆየ ከረጢት የተቀዳ ነው፤ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ላያቸው ነጭ ዱቄት ለብሷል። ከአየር እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስቦ ከፊሉ ካርቦኔት ሆኗል። የተረጋገጠው እንዲህ ነው፦ 10 ሚሊ ሊትር ከበርሜሉ፣ ሁለት ጠብታ ፌኖልፍታሊን (ሶዳ ባለበት ውሃ ውስጥ እሮዛ የሚሆን ጠቋሚ)፣ ከዚያ 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እሮዛው ቀለም እስኪጠፋ። ለ5 በመቶ 12.5 ሚሊ ሊትር መብላት ነበረበት፣ በ10.4 ጠፋ። 4.2 በመቶ ማለት ነው። ሦስቱም በርሜል በአዲስ ሶዳ ተደገመ። ከዚያ ወዲህ ያለዚህ ልኬት ቃጫ አይገባም፣ ሶዳውም ክዳኑ በሚጠብቅ ጀሪካን ይቀመጣል።

ሳምንት 4፦ ክብደትና ጥንካሬ

ታጥቦና ደርቆ የጠፋው ክብደት፦ 2 በመቶው ላይ 7፣ 5 በመቶው ላይ 14፣ 10 በመቶው ላይ 22 በመቶ። ከገዛነው አምስት እጅ አንዱን በላይ ወደ ቆሻሻ ውሃ መላክ ርካሽ አይደለም።

የመጎተት ጥንካሬ ያለ ማሽን ተለካ። አንድ ክር በሁለት ካርቶን መሃል በሙጫ ይያዛል፣ ነጻ የቀረው ርዝመት 50 ሚ.ሜ. ነው። ከታች ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይንጠለጠላል፣ በቀጭን ቱቦ ውሃ ይንቆረቆርበታል፣ ሲበጠስ ጠርሙሱ ይመዘናል። ከእያንዳንዱ 25 ክር። ያልታከመው በአማካይ 1.1 ኪሎ፣ ባለ 5 በመቶው እዚያው አካባቢ፣ ባለ 10 በመቶው 0.8 ኪሎ ላይ ተበጠሰ። ባለ 5 በመቶው የበለጠ ቀጭን ስለሆነ በስፋቱ ሲካፈል ጥንካሬው ጨምሯል ማለት ነው። ግን በክሮች መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፦ በአንድ ዘለላ ውስጥ 0.6ም 1.7ም ይገኛል። ከ20 ክር በታች ለክቶ መደምደም አያስተማምንም።

10 በመቶ እዚህ ላይ ተተወ። ሶዳው ሲበዛ ሄሚሴሉሎሱን ጨርሶ ራሱን ሴሉሎሱን ማዳከም ይጀምራል፣ ክሩም ሲታጠፍ ይሰበራል።

ሳምንት 5፦ እጥበት

ከሶዳው ይልቅ እጥበቱ ነው ጊዜ የበላው። ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ በእጅ ሲዳሰስ ማንሸራተቱ ቀርቶ፣ የፒኤች ወረቀቱ (7 ገለልተኛ ነው፣ ከዚያ በላይ ሶዳ አለ ማለት ነው) 7 አካባቢ አሳየና ንጹሕ ነው ተባለ። ያው ቃጫ በንጹሕ ውሃ አድሮ ጠዋት ሲለካ ግን ፒኤቹ 10። ሶዳው ክሩ ባዶ ክፍሎች ውስጥ ተደብቆ ነበር፣ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው።

ይህ ቸል ሲባል የሚመጣውን ለማየት ከዚያ ቃጫ ሁለት ጠፍጣፋ ተሠራ። በሳምንቱ ገጻቸው ላይ ነጭ ጸጉር መሰል ጨው በቀለ። የተረፈው ሶዳ ከውሃ ጋር ወደ ላይ ወጥቶ በአየር ካርቦኔት ሆኗል። መልክ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ነገር ግን ከሶዳ የሚመጣ ሶዲየም ከአንዳንድ የእሳተ ገሞራ አሸዋ ጋር ቀስ ብሎ የሚያብጥ ጄል ይሠራል፤ ውጤቱም ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ስንጥቅ ነው።

የጸናው ቅደም ተከተል፦ ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ። ከዚያ 1 በመቶ አሴቲክ አሲድ ውስጥ ማደር፣ ማለትም 5 በመቶ የሆነ የወጥ ቤት ኮምጣጤ 1 ሊትር በ4 ሊትር ውሃ። ከዚያ ሁለት ጊዜ ንጹሕ ውሃ። የመጨረሻው ውሃ ለ12 ሰዓት ቆይቶ ፒኤቹ ከ7.5 ካልበለጠ ያልፋል።

የውሃው ፍጆታ ከባድ ነው፦ ለ1 ኪሎ ቃጫ 100 ሊትር። የመጨረሻው እጥበት ውሃ ተጠራቅሞ ለሚቀጥለው ዙር የመጀመሪያ እጥበት ሲውል ወደ 60 ሊትር ወረደ። ቧንቧ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ይህ ከሶዳው ዋጋ በላይ ነው የሚያሳስበው።

ስለ ቆሻሻው ውሃ

ቃጫ የተነከረበት ቡናማ የሶዳ ውሃ ቱቦ ውስጥ አይደፋም። ሦስት ዙር ይሠራበታል፣ በየዙሩ ተለክቶ የጎደለው ሶዳ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ከቃጫው በሚወጣ ሊግኒንና ፔክቲን ስለሚወፍር እጥበቱን ያከብዳል። በኮምጣጤ አክሽፎ መድፋት ይቻላል የሚል ሐሳብ ተነሥቶ በስሌት ወደቀ፦ 4 በመቶ የቀረው 20 ሊትር 24 ሊትር ኮምጣጤ ይበላል። አዲስ የመኪና ባትሪ አሲድ ግን 2.2 ሊትር ገደማ ይበቃል። አሲዱ አስቀድሞ በውሃ ይቀጥናል (አሲዱ ወደ ውሃው)፣ ከዚያ ውጭ ሆኖ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል፣ አረፋና ሙቀት አለው። 7 ወይም 8 ላይ ሲደርስ ቡናማ ዝቃጭ ከታች ይቀራል። ከአሮጌ ባትሪ የተቀዳ አሲድ እርሳስ ስላለበት ፈጽሞ አይሆንም።

ሳምንት 6፦ ማድረቅና ውሃ መጥጣት

መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ክሮቹ እርስ በርስ ተጣብቀው እንደ ደረቀ ጭራ ሆኑ፣ ሲቆረጡም ተሰባበሩ። የተሻለው፦ እርጥብ ሳለ በሰፊ ማበጠሪያ ማበጠር፣ ገመድ ላይ በጥላ መስቀል፣ መጨረሻ ላይ 60 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ 12 ሰዓት።

24 ሰዓት ተዘፍዝፎ የጠጣው ውሃ ከክብደቱ አንጻር፦ ጥሬው 165 በመቶ፣ ባለ 5 በመቶ ሶዳው 130። አምስት ጊዜ እያረጠቡ እያደረቁ መመለስ ወደ 100 አወረደው። ይህ ኬሚካል የለውም፦ ሲደርቅ የክሩ ግድግዳ ይጨማደዳል፣ በየዙሩ የበፊቱን ያህል አይከፈትም። ጊዜ እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም። ለጣሪያ ጠፍጣፋ ይህ ወሳኝ ነው፤ ሲሚንቶ ውስጥ በዝናብ የሚያብጥና በበጋ የሚኮማተር ክር ዙሪያው ክፍተት ይተዋል።

ሶዲየም ሲሊኬትም ተሞከረ። 5 በመቶ ውስጥ ነክሮ ማድረቅ ክሩን እንደ መስታወት ያደርቀዋል፣ 20 ሚ.ሜ. ሲቆረጥ ጫፉ ይረግፋል። ከዚህ በላይ አልተገፋም።

ሳምንት 7፦ ማቡካት

አንድ ጠፍጣፋ 2.4 ሊትር ነው፦ ሲሚንቶ 1.44 ኪሎ፣ በ2 ሚ.ሜ. ወንፊት የተነፋ የታጠበ አሸዋ 2.88 ኪሎ፣ ውሃ 0.72 ሊትር፣ ቃጫ 34 ግራም (በይዘት 1 በመቶ)። አንድ ኩንታል ሲሚንቶ 69 ያወጣል። ለ69 ጠፍጣፋ 2.35 ኪሎ የታከመ ቃጫ፣ ማለትም የቁርጥራጩ ብክነት ሲታሰብ 2.9 ኪሎ ጥሬ ይገባል። ሶዳው ሦስት ዙር ሲሠራበት ለዚህ ሁሉ 1.5 ኪሎ ገደማ ነው።

40 ሚ.ሜ. ክር ተሞክሮ ኳስ ሠራ፦ ማቡኪያው ውስጥ ዕንቁላል የሚያክል ድቡልቡል፣ ሲከፈት መሃሉ ደረቅ። 20 ሚ.ሜ. ላይ ኳሱ ጠፋ። የሚቆረጠው በወረቀት መቁረጫ ነው፣ ዘለላው በጨርቅ ተጠቅልሎ።

ሁለተኛው ችግር ውሃ ነው። ደረቅ ቃጫ ሲገባ የማቡኪያውን ውሃ ይጠጣል፦ ለአንድ ጠፍጣፋ 35 ሚሊ ሊትር አካባቢ፣ ከ720ው 5 በመቶ። ሊጡ ደረቀ ተብሎ ውሃ ሲጨመር ሲሚንቶው ይደክማል። ስለዚህ ቃጫው ከዋዜማው ይነከራል፣ ጠዋት በጨርቅ ተጨምቆ ላዩ ብቻ ደርቆ ይገባል። ሲሚንቶና አሸዋ በደረቁ፣ ከዚያ ውሃ፣ ቃጫው መጨረሻ ላይ በእጅ እየተበተነ፣ ከዚያ ከ2 ደቂቃ ያልበለጠ ማዞር። ረዝሞ ሲዞር ክሮቹ ይታጠፋሉ።

ሳምንት 8፦ ሁለተኛ ሲሚንቶ፣ ሦስተኛ ሲሚንቶ

የተፈጥሮ ቃጫ ሲሚንቶ ውስጥ ለምን እንደሚሞት ከተጻፈ ቆይቷል። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአፍሪካ የተሠሩ የሲሳል ሲሚንቶ ጣሪያዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ እየደረቁ ሲሰበሩ፣ ስዊድናዊው ሃንስ ኤሪክ ግራም በ1983 ጉዳዩን በዝርዝር አጥንቶታል። በሲሚንቶው ቀዳዳ ውስጥ ያለው ውሃ ፒኤቹ ከ12.5 በላይ ነው፣ ክሮቹን የያዘውን ሊግኒንና ሄሚሴሉሎስ ያሟሟል። በዝናብና በፀሐይ መፈራረቅ ደግሞ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ (ሲሚንቶው ሲይዝ የሚፈጥረው ኖራ) ክሩ ባዶ ክፍል ውስጥ እየገባ ይረጋል። ያን ጊዜ ቃጫው ጠንካራ ቢመስልም ድንጋይ ሆኗል፣ አይጎተትም።

ሶዳ ይህን አያስቆምም። ስለዚህ ከ40 በ40 በ160 ሚ.ሜ. ናሙና ሦስት ዓይነት ተጣለ፦ ኦፒሲ፤ ፒፒሲ (ፖዞላና፣ ማለትም ከኖራ ጋር የሚዋሐድ ዱቄት የተቀላቀለበት ፖርትላንድ ሲሚንቶ)፤ 70 በመቶ ኦፒሲ ከ30 በመቶ የተፈጨ ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ጋር። ፑሚሱ በ75 ማይክሮን ወንፊት ያለፈ ነው። መጀመሪያ በደንብ ሳይፈጭ ገብቶ ምንም አልሠራም፣ እንደ ቀላል አሸዋ ተቀመጠ። ደቆ የገባው ግን ካልሲየም ሃይድሮክሳይዱን በልቶ ወደ ማጣበቂያነት ይቀይረዋል።

ሳምንት 12፦ የ28 ቀን ውጤት

የመታጠፍ ጥንካሬ፣ የስድስት ናሙና አማካይ፣ በሜጋፓስካል፦ ኦፒሲ ያለ ቃጫ 6.3፤ ከጥሬ ቃጫ ጋር 5.4፤ ከታከመ ቃጫ ጋር 6.5፤ የፑሚሱ 5.6፤ ፒፒሲ 5.8።

ከፍተኛውን ቁጥር ብቻ ላየ ቃጫ ምንም አልጨመረም። ዋናው ግን ስንጥቁ ከመጣ በኋላ ያለው ነው፦ ቃጫ የሌለው ሁለት ቦታ ተሰብሮ ወደቀ፣ የታከመው 1 ሚ.ሜ. ጎብጦም 1.9 ይሸከም ነበር፣ ጥሬው 1.4። የፑሚሱ 1.7፣ የፒፒሲው 1.7።

ፑሚሱ በ28 ቀን ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። ዝግ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ኪዩሪንጉን (እርጥብ አድርጎ ማቆየቱን) በ7 ቀን የሚያቆም ሰው ፑሚስ ባያስገባ ይሻለዋል።

ሳምንት 13፦ ያልሠራ ምርመራ

ፑሚሱ ካልሲየም ሃይድሮክሳይዱን ጨርሶታል ወይ ለማለት ፌኖልፍታሊን ስብራቱ ላይ ተረጨ። ሁሉም እሮዛ ሆኑ። የሚጠበቅ ነበር፣ ቀለሙ ከ10 በላይ ባለ ፒኤች ሁሉ ይደምቃል፣ 12.5ን ከ13 አይለይም። ጊዜ ባከነ።

ሳምንት 19፦ ከ25 ዙር በኋላ

ርዕሱ 18 ይላል፣ መብራት ሲጠፋ ምድጃው የቆመበት ሳምንት ተጨምሮ 19 ሆነ። ናሙናዎቹ የዝናብና የፀሐይ መፈራረቅን እንዲያዩ በዙር ረጥበው ደርቀዋል፦ አንድ ዙር 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ፣ 24 ሰዓት 60 ዲግሪ ምድጃ ነው። 25 ዙር።

ከስንጥቁ በኋላ የቀረው ጥንካሬ፣ በሜጋፓስካል፦ ኦፒሲ ከጥሬ ቃጫ 0.3። ኦፒሲ ከታከመ ቃጫም 0.3። በሶዳው ያገኘነው ብልጫ በሙሉ ሄደ። ፒፒሲ 0.8። የፑሚሱ 1.2።

ስብራቱን በማጉያ መነጽር ማየት ከቁጥሩ በላይ ይናገራል። ኦፒሲው ላይ ክሮቹ ከገጹ እኩል ተቆርጠዋል፣ እንደ ተላጨ ጺም፣ በጣት ሲዳሰሱ ይወጋሉ። የፑሚሱ ላይ ከ3 እስከ 5 ሚ.ሜ. ተጎትተው ወጥተዋል፣ ሲነኩ ይታጠፋሉ፣ የወጡበት ቀዳዳም ክብ ሆኖ ይታያል።

ለሚቀጥለው ዙር የተወሰነው፦ ሶዳው 4 በመቶ፣ 2 ሰዓት (ከ5 በመቶው ጋር ያለው ልዩነት የሚጨመረውን ሶዳ ዋጋ አያካክስም)፤ አምስት ጊዜ ማርጠብና ማድረቅ፤ ፒፒሲ ላይ ሌላ 20 በመቶ ፑሚስ፤ ኪዩሪንግ 56 ቀን። ቡናማው ቃጫ በሙቅ ውሃ ሁለት ጊዜ ታጥቦ ከዚያ በሶዳ ይሞከራል፣ የአዮዲኑ ጠብታ ካልጠቆረ ብቻ። አራት ጠፍጣፋ፣ ሁለት የኦፒሲ ሁለት የፑሚስ፣ ጣሪያ ላይ ወጥተዋል። መስከረም ላይ ወርደው ይሰበራሉ።